የ«እስከ» ባለቅኔዎች

በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ሸክም ይሸከማል። ሰሙን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን የቆፈረ ነው። ይህ ጥበብ ከመሪጌቶች ጋር አብሮ እየከሰመ ነው ብሎ የሚያዝን ካለ እንባውን ይጥረግ። ዛሬ በየአገሩ የኢንተርኔት ጉዳይ የተሰጣቸው ሹማምንት፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ሳይደርሱ፣ ከመድረክ ላይ በአንድ ትንፋሽ ይዘርፉታል፦ «ለዜጎቻችን እስከ 100 ሜጋቢት የሚደርስ ፈጣን ኢንተርኔት በተመጣጣኝ ዋጋ ተደራሽ አድርገናል!»

ሰሙ 100 ነው። ወርቁ «እስከ» ሥር ተኝቷል። ከመቶ በታች ያለ ቁጥር ሁሉ፣ ዜሮም ሳይቀር፣ እስከ መቶ ነውና ባለቅኔው አንዲት ቃል አልዋሸም። «ተደራሽ» ደግሞ ሌላዋ ኅብረ ቃል ናት፤ መስመሩ ወደ ሰውየው ይደርሳል ወይስ ሰውየው ወደ መስመሩ ይሄዳል የሚለው አልተነገረም። «በተመጣጣኝ» የምትለዋ ከምን ጋር እንደምትመጣጠን ወደኋላ እንመጣበታለን፤ እሷ ለብቻዋ መወድስ ይገባታል።

የጥበቡ ሀሁ ትርጉም ነው። ሯጩ ከመጨረሻው መስመር መድረስ ካቃተው መስመሩን ነቅሎ እሱ ከቆመበት መትከል ይቻላልና። ለዚህ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) ሳያስበው ውለታ ውሏል፤ ለስታትስቲክስ ሥራው ብሮድባንድ ብሎ የሚቆጥረው በሰከንድ 256 ኪሎቢትና ከዚያ በላይ የሚያወርድን መስመር ነው። በዚህ ወለል ላይ የቆመ ሰው 1 ጊጋባይት ለማውረድ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማታ አስጀምሮ ቢተኛ፣ መስመሩ ካልተቆረጠ ጠዋት ያገኘዋል። የዜጎችን እንቅልፍ ጭምር የሚጠብቅ ኢንተርኔት ነው። ሕዝቡ ቢትና ባይትን አለመለየቱም ተጨማሪ በረከት ነው፤ 8 ሜጋቢት የተሸጠለት ደንበኛ ስክሪኑ ላይ 1 ሜጋባይት ሲያይ፣ ስምንት ቢት አንድ ባይት መሆኑን የነገረው ስለሌለ ጥፋቱን በስልኩ ያላክካል።

አሜሪካኖች ይህን ባለመረዳታቸው ራሳቸውን ሲያዋርዱ ኖረዋል። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው በ1999 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 200 ኪሎቢትን ብሮድባንድ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ምን ጎደለው? በ2010 ማውረጃውን 4 ሜጋቢት አደረሰው፣ በ2015 ወደ 25 ሰቀለው፣ በ2024 ደግሞ 100 ማውረጃና 20 መጫኛ ካልሆነ ብሮድባንድ አይባልም አለ። ቁጥሩ በተሰቀለ ቁጥር ትናንት «አላቸው» ተብለው የተቆጠሩ ሰዎች በማግስቱ «የላቸውም» ሆነው ያድራሉ። ሪፖርቱን አሳምሮ ያስረከበ ሹም በገዛ ብዕሩ እንዲህ ሲያበላሸው ማየት ያማል።

ይሁንና ቀድሞ የነበራቸውን ጥበብ መካድ ንፉግነት ነው። ኩባንያዎች «ፎርም 477» በሚባለው ቅጽ ሽፋናቸውን ሲያስታውቁ፣ በአንድ የሕዝብ ቆጠራ ቁራሽ መሬት ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ማገናኘት ከቻሉ ቁራሹ በሙሉ እንደተሸፈነ ይመዘገብ ነበር። ገጠር ውስጥ ደግሞ አንዱ ቁራሽ ተራራና ሸለቆ አቅፎ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከአውራ መንገዱ ዳር ያለው ቤት ኬብል ሲገባለት፣ ከተራራው ማዶ ያለው ሰው ሳያውቀው ባለብሮድባንድ ሆኖ ዋለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው፤ ይህችኛዋ እንዲያውም በሪፖርት ላይ ትታለባለች። ሌላም ጸጋ ነበራት፦ «የተሸፈነ» አካባቢ የግንባታ ድጎማ አያስፈልገውምና ከማዶ ያለው ሰው ቢያመለክት «እርስዎማ አለዎት» ይባላል። በ2020 የወጣ ሕግ ይህን የመሰለ ዘዴ አስቀረውና ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ ካርታው ቤት በቤት የሚቆጥር፣ ነዋሪውም «እኔ ጋ የለም» ብሎ የሚሞግተው ሆኗል። ለካርታም ለሹምም ክብር የጠፋበት ዘመን ነው።

ሞባይል ላይ ግን ቅኔው ገና አልደረቀም። የሞባይል ሽፋን ካርታ በአብዛኛው የሚሣለው አገር ምድሩን በመዞር ሳይሆን በኮምፒውተር ስሌት ነው፤ የማማው ከፍታ፣ የሞገዱ ዓይነትና የመሬቱ አቀማመጥ ይገባል፣ ቀለም ይወጣል። ስሌቱ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ደጅ እንደቆመ ያስባል። ቤት የመግባት መጥፎ ልማዱን አይቆጥርበትም። በ4ጂ የሲግናል ጉልበት ከነጌቲቭ 85 ዲቢኤም (የጉልበቱ መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል) ከፍ ካለ መልካም ነው፤ ወደ ነጌቲቭ 115 ሲወርድ ስልኩ መንጠላጠል ይጀምራል። እንግዲህ ካርታውን እስከ ነጌቲቭ 110 ድረስ ቢቀቡት አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። ሰውየው ወደ ቤቱ ሲገባ ግድግዳው 10 ዴሲቤል ይውጣል፣ ይህም ማለት ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል፣ ኢንተርኔቱም ደጅ ያድራል። በዚህ ላይ «የሕዝብ ሽፋን» የምትባል መለኪያ አለች። ሕዝብ ተጠጋግቶ ስለሚኖር፣ ሰፊውን መሬት ሳይነኩ የሰፊውን ሕዝብ መቶኛ መያዝ ይቻላል። ሹሙ «ዘጠና ምናምን በመቶ ሸፍነናል» ሲል «የሕዝብ» የምትለውን ቃል በሳል ያሳልፋታል።

መረጃን በብርሃን ወደሚያስተላልፈው የመስታወት ክር፣ ወደ ፋይበር እንምጣ፤ እውነተኛው በዓል ያለው እሱ ጋ ነው። ማማን ሪባን ሊያስሩለት ያስቸግራል፤ ቦይ ግን ኪሎ ሜትር አለው፣ ኪሎ ሜትር ደግሞ ዜና ይሆናል። «ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር ፋይበር ዘርግተናል» ሲባል አድማጩ ጫፉ የት እንደቀረ አይጠይቅም።

የቦዩ ሥራ ደንብ አለው። ቱቦው 1 ሜትር ያህል ይቀበራል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ከቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ «ከዚህ በታች ኬብል አለ» የሚል ባለቀለም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ቆፋሪው ኬብሉን ሳያገኝ መጀመሪያ ፕላስቲኩን እንዲያገኝ ነው። ተቋራጩ ግን የሚከፈለው በርዝመት ነው እንጂ በጥልቀት አይደለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በሚቆምበት ቦታ 1 ሜትር፣ ከመታጠፊያው ወዲያ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፕላስቲኩም እንዳይባክን ኬብሉ ላይ በቀጥታ ይለጠፋል። ከዚያ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ የውኃው፣ ቀጥሎ የመብራቱ። አንዱን ቦይ ተነጋግረው አብረው ቢቆፍሩት ከፋይበር ዝርጋታ ወጪ አብዛኛውን የሚበላው የቁፋሮ ሥራ ይከፋፈል ነበር። ግን ሦስቱም የየራሳቸው ሪባን አላቸው። የስካቫተሩ ጥርስ ማስጠንቀቂያውንና ኬብሉን እኩል ያገኛቸዋል።

ብርሃንም እንደ መንግሥት በጀት አለው፤ የሚገርመው የእሱ አይጨመርም። ጂፖን በሚባለው የተለመደ የቤት ለቤት ፋይበር፣ በብዛት በሚተከለው መደብ፣ ከማዕከሉ እስከ ደንበኛው ሊባክን የሚፈቀደው 28 ዴሲቤል ነው። አንዱን ፋይበር ለ32 ቤት የሚከፍለው ስፕሊተር ብቻውን 17 ያህል ይወስዳል። 20 ኪሎ ሜትር ኬብል በኪሎ ሜትር 0.35 ሲታሰብ 7 ይበላል። አራት ማገናኛ ራሶች፣ ንጹሕ ከሆኑ፣ በግማሽ ግማሽ 2። ድምሩ 26፤ የተረፈው 2 ብቻ። አሁን ስካቫተሩ መጣ። ለጥገና የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና አዲስ ቁራጭ በሁለት ጫፍ ይቀጠላል። ሥራው በድንኳን ሥር፣ በስለታም መቁረጫና በደህና ማሽን ከተሠራ እያንዳንዱ ቅጣይ ከ0.1 አይበልጥም። በንፋስና በአቧራ፣ በደነዘ መቁረጫ፣ «ቶሎ በሉ» እየተባለ ከተሠራ ግን አንዱ 0.5 ይበላል፣ ሁለቱ 1። ሁለት እንዲህ ያሉ ጥገናዎች በጀቱን ይጨርሳሉ። ያኔ ለማዕከሉ ቅርብ ያሉት ቤቶች ምንም ሳይሆኑ ከጫፍ ያለው ደንበኛ መሣሪያ ላይ «ሎስ» (ሲግናል ጠፍቷል) የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደውሎ ሲያመለክት «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» ይባላል። አጥፍቶ ያበራል፤ መብራቱ በጣም ደማቅ ነው።

የምርቃቱን ቀን ፍጥነትስ ማን ይረሳዋል? ክቡር እንግዳው ላፕቶፑን ተጭነው 94 ሜጋቢት ሲያዩ ይጨበጨባል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የኔትወርክ ገመድ በመለኪያ ላይ የሚያሳየው እሱኑ ነው። ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብቻ አሉ። የመለኪያው ሰርቨር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ደንበኛውም በዚያ ቀን አንድ ነው። ሲከርም የአንዱ ጂፖን መስመር 2.488 ጊጋቢት ለ32 ቤት ይካፈላል፣ በእኩል ቢመዘን ለቤት 78 ሜጋቢት ገደማ። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ሁሉም እኩል አይጠቀምምና ባለሙያ ሁሉ ይቀበለዋል። ቅኔው ከበላዩ ነው። የማዕከሉ መሣሪያ 16 እንዲህ ያሉ መስመሮች ይዞ፣ እያንዳንዱ ለ64 ቤት ተከፍሎ 1,024 ደንበኞችን ያስተናግዳል፤ ወደ ውጪ የሚወጣበት በር ግን 1 ጊጋቢት ብቻ ይገዛለታል። ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት በሩ ላይ ለአንድ ቤት 1 ሜጋቢት አይደርስም። ዋናውን በር ማስፋት የካርድ ቅያሪና የወር ክፍያ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ካርድ ላይ ሪባን አይታሰርም።

ለዚህም ነው የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል የሚባለውን ነገር ሹማምንት የማይወዱት። ነገሩ የኩባንያዎችን መስመሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ስዊች ነው፤ ቁም ሣጥን ያህላል። እሱ ከሌለ በአንድ ከተማ የሚኖሩ የሁለት ኩባንያ ደንበኞች የሚላላኩት ፎቶ ባሕር ተሻግሮ፣ ለውጭ መስመር ዶላር ከፍሎ ይመለሳል። ኬንያና ናይጄሪያ ማዕከላቸውን ተንከባክበው፣ በ2012 ከጠቅላላው 30 በመቶ ገደማ የነበረውን አገር ውስጥ የሚስተናገድ ትራፊክ በ2020 ወደ 70 በመቶ አድርሰውታል። ጥሩ ውጤት ነው፤ ለፎቶ ግን ምኑም አይሆንም። ባለሥልጣን ከቁም ሣጥን አጠገብ ቆሞ ቢነሣ ዕቃ የገዛ ይመስላል።

የሕንዶቹም ትዕግሥት ይመስገን። በ2011 ወደ 250 ሺህ የመንደር ምክር ቤቶችን በፋይበር ለማገናኘት ሲወስኑ የማጠናቀቂያው ዓመት 2013 ነበር። የመጀመሪያዎቹ 100 ሺህዎቹ ተዳረሱ የተባለው በ2017 መጨረሻ ነው። የደረሰውም ፋይበር እስከ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ቤቶቹ የሚወስደው የመጨረሻው ማይል የሌላ ዕቅድ ሥራ ነበር። ኬብሉ ጽሕፈት ቤት ገባ፣ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውም ጠፋ፣ ሪፖርቱ ግን በራ።

አሁን ወደ «ተመጣጣኝ» እንመለስ። በአይቲዩና በዩኔስኮ የተቋቋመው የብሮድባንድ ኮሚሽን በ2011 መነሻ ጥቅል ከአማካይ የወር ገቢ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ግብ ጣለ፤ በ2018 ደግሞ ለ2025 ወደ 2 በመቶ አወረደው። የሞባይል ዳታው መነሻ ጥቅል በ2021 የሚለካው በወር 2 ጊጋባይት ነበር። ግቡ መልካም ነው። መልካምነቱን ለቅኔ የሚመች ያደረገው «አማካይ» የምትለዋ ቃል ናት። አሥር ሰዎች አሉ እንበል፤ ዘጠኙ በወር 50፣ 50 ያገኛሉ፣ አሥረኛው 1,550። አማካዩ 200 ነው። ጥቅሉ 4 ከተሸጠ ልክ 2 በመቶ ሆኖ ግቡ ተመታ፤ ለዘጠኙ ግን 8 በመቶ ነው። አሥረኛው ሰው ገቢው በጨመረ ቁጥር፣ ዋጋው አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስ፣ ኢንተርኔት ለሁሉም እየረከሰ ይሄዳል። ድሆችን ለመርዳት ሀብታም ማሳደግ ማለት ይኸ ነው።

ስልኩ ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ጥቅሉ ይቆጠራል፤ ጥቅሉ የሚገባበት ዕቃ አይቆጠርም። በብዙ አገር ስማርት ስልክ ሲገባ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አንዳንዴም የቅንጦት ዕቃ ታክስ ይጫንበታል። ኡጋንዳ የተሻለ ነገር አሰበች፤ በሐምሌ 2018 ማኅበራዊ መገናኛዎችን ለሚጠቀም ሁሉ በቀን 200 ሽልንግ አስከፈለች። ሰዉ ቪፒኤን ተማረ። የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና እንዲህ በአጭር ጊዜ ተሳክቶ አያውቅም። በ2021 ያ ታክስ ቀረና በምትኩ 12 በመቶ በቀጥታ በዳታው ላይ ተጣለ፤ ይህኛውን ቪፒኤን አያመልጠውም።

ቸርነታቸውንም አንርሳ። አሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤቶች ከወርኃዊ ሒሳባቸው እስከ 30 ዶላር (እዚህም «እስከ» አለች) የሚቀንስ መርሐ ግብር በ2021 ማብቂያ ጀመረች። 23 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ገቡበት። ተደስተው ሳያበቁ ገንዘቡ አለቀ፣ ምክር ቤቱ አልጨመረም፣ በሰኔ 2024 ተዘጋ። ሰው አስለምዶ መንሣት ከመጀመሪያው ከመንፈግ ይልቅ ኢንተርኔትን ያስወድዳል፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

ቁጠባን የሚያውቁት ግን ብራዚሎች ነበሩ። በ2000 ሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ አቋቁመው ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጠቅላላ ገቢ 1 በመቶ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ያልደረሳቸውን ለማዳረስ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰበሰበ። ለታለመለት ዓላማ የዋለው ከምንም የማይቆጠር ነበር። ሕጉን አስተካክለው ለብሮድባንድ እንዲውል የፈቀዱት በ2020 መጨረሻ ነው። ኩባንያው ኢንተርኔት ለሌለው ሲከፍል፣ የሌለውም በትዕግሥት ሲጠብቅ ኖሯል።

ስለ አጠቃቀሙም ትንሽ። ሕዝቡ ኢንተርኔት ኖሮት የማይጠቀምበት ለምንድን ነው ብለው ሹማምንቱ በየስብሰባው ይጠይቃሉ። የመሥሪያ ቤታቸውን ድረ ገጽ ይክፈቱት። ፊተኛው ገጽ 15 ሜጋባይት ነው፤ ከዚህ አብዛኛው ሳይጨመቅ የተሰቀለ የክቡርነታቸው ፎቶ ነው። በዚያች በተከበረችው 256 ኪሎቢት ሲከፈት 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መጀመሪያ ግንባር፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ዓይን ይታያል። ከሥሩ ያለው ቅጽ በስልክ አይሞላም። በኮምፒውተር የሞላው ሰው የሚያገኘው መልስ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ አትመው ሦስት ኮፒ ይዘው በአካል ይቅረቡ» የሚል ነው። የኅብረተሰብ ኢንተርኔት ማዕከሉም አለ፤ አሥር ኮምፒውተር፣ የፀሐይ ኃይል፣ ባትሪ። ባትሪው እስከ ታች እየተሟጠጠ ስለሚያድር በሁለት ሦስት ዓመት ይሞታል፤ መተኪያ በጀት የለውም፣ በጀቱ «ግንባታ» ነበራ። ቁልፉ እረፍት የወጣው ሠራተኛ ዘንድ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ውጤት መለካት ያስፈልጋልና የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ይወጣል። ዜጎች በፈቃዳቸው ስልካቸው ላይ ጭነው ይለካሉ፣ አማካዩ ይወጣል። መስመር የሌለው ሰው መተግበሪያውን ማውረድ አይችልም፤ ደካማ መስመር ያለው ይጀምርና ልኬቱ ሳያልቅ ይቋረጥበታል፣ የተቋረጠ ልኬት ደግሞ አይመዘገብም። ከዜሮ የተጠጋ ቁጥር ሁሉ በዚህ ተጣርቶ ይወጣል። ከልኬቱ ጋር አብሮ የተጠቃሚዎች መጠይቅ ይላካል፣ በኦንላይን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንተርኔት ያገኛሉ?» የሚል ነው። መልስ ከሰጡት ውስጥ 100 በመቶው አዎ ብለዋል።